ካሜራችን ወዴት ነው የሚያየው?



ቤትን ከሌባ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ችግሩ ካሜራ ስናስገጥም ምን እንደሚያይ አለማሰባችን ነው። በከተማ ግቢዎቻችን የተጠጋጉ ናቸው። ጣሪያ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ካሜራ የእኛን በር ብቻ ሳይሆን፣ ጎረቤታችን ሒጃቧን አውልቃ ልብስ የምታሰጣበትን ግቢም ቀን ከሌት ይቀዳል።

አላህ በሱረቱል ሑጁራት (49፡12) መሰለልን ከልክሎናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ቤት ለመግባት ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው በዓይን ምክንያት እንደሆነ አስተምረውናል። በአጥር ቀዳዳ ማጮለቅ ነውር ከሆነ፣ በስልክ ማጮለቅም ያው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካሜራውን ከበረንዳው ጣሪያ ሥር ዝቅ አድርገን ወደ በራችን እናዙረው። የጎረቤት ግቢ አሁንም ከታየ፣ ብዙ ካሜራዎች ያንን ቦታ በጥቁር የሚሸፍን ማስተካከያ ስላላቸው እንጠቀምበት። ሲገጠም የነበረውን የይለፍ ቃልም እንቀይር፤ የገጠመልን ባለሙያ የእናቶቻችንንና የእህቶቻችንን ውሎ ማየት የለበትም። ከዚያም ጎረቤታችንን ጠርተን ምስሉን እናሳየው፤ ልቡ ይረፍ።

ቤታችንን ከሌባ ስንጠብቅ የጎረቤታችንን ሐቅ ከሚሰርቁት አላህ አያድርገን። አሚን።