የተረሳው ሰው ማነው?

ፓራማውንት የተባለው የአሜሪካ የፊልም ኩባንያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም.፣ «የተረሳው ሰው» የተሰኘ አሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ኮሜዲ አውጥቶ ነበር። ባለታሪኩ ሴት ልጁን የሚድር አባት ነው፤ አባቱን ሆኖ የሚጫወተውም ጸሐፊውና የቲያትር ሐያሲው ሮበርት ቤንችሊ ነው። ሽር ጉዱ ሁሉ ለሙሽራይቱ ሲሆን፣ እሱን ልብ የሚለው የለም። የሙሽራ አባት ጉልበት በሚሳምበት አገር ላደገ ተመልካች ነገሩ እንግዳ ቢሆንም፣ ሳቁ ግን አይጠፋበትም።

«ይህ ተራ ቀልድ ነው፤ ከሳቅ በቀር የሚፈለግበት ነገር የለም» የሚሉ አይታጡም። እንዲህ የሚሉት ግን አስቀድመው ርእሱን ሊመልሱት ይገባል። ርእሱ ባለቤት ያለው ቃል ነበርና። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ገና የኒውዮርክ አገረ ገዥ ሳለ፣ በኤፕሪል 1932 በራዲዮ ባሰማው ንግግር «የተረሳው ሰው» ብሎ የጠራው ከኢኮኖሚው ፒራሚድ ግርጌ የወደቀውን ድሀ ነው። በማግሥቱ ዓመት ከአራት ሠራተኛ አንዱ ያህል ሥራ ፈት ነበር። በዚያው በ1933 አንድ የሙዚቃ ፊልም በመጨረሻው ዘፈኑ ይህን ስም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ተመልሰው ለዳቦ ለተሰለፉ ወታደሮች ሰጠ። ከዚያ ስምንት ዓመት ሳይዘል፣ የዳቦው ተሰላፊ ወጥቶ ባለቤትና ባለድግስ የሆነ ሰው በስሙ ገባበት። የተራበ ሰው ስም ለጠገበ ሰው መሳቂያ ሲሆን ዝም ብሎ የሚስቅ ሐያሲ፣ ሐያሲነቱ ምኑ ላይ ነው?

ሆኖም ክሱ በዚህ ብቻ ቢቆም ፍርዱ ይጣመማል። ስሙ ሩዝቬልት የፈጠረው አይደለም። በ1883 የዬል ዩኒቨርሲቲው መምህር ዊልያም ግራሃም ሳምነር በዚህ ስም የጠራው ሌላ ሰው ነበር፦ ሁለት ሰዎች ተማክረው ለችግረኛ እርዳታ ሲቆርጡ፣ ሳይጠየቅ ወጪው የሚጫንበትን ሦስተኛውን ሰው። የሳምነር የተረሳ ሰው ከፋዩ ነው። ሩዝቬልት ስሙን ከከፋዩ ወስዶ ለጦም አዳሪው ሰጠው፤ ቤንችሊ፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት፣ መልሶ ለከፋዩ አስረከበው። በአሜሪካ ልማድ የሠርጉን ወጪ የሚሸከመው የሙሽራይቱ አባት ነውና።

የቀልዱ እውነትም የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። አባት የሚፈለገው ለኪሱና ልጁን ይዞ ለሚገባበት ክንዱ ብቻ ከሆነ፣ ሳቁ ዝምድና በገንዘብ የሚለካበትን ኅብረተሰብ ይነካል። ቤንችሊ ይህን ዓይነቱን ሰው አሳምሮ ያውቀዋል። በ1935 ሠርቶት የኦስካር ሽልማት ባገኘው «እንዴት እንደሚተኛ» በተባለው አጭር ፊልሙም የሚታየው፣ በሙሉ ልብ እያስተማረ ጥቃቅን ነገር የሚያሸንፈው ያው መካከለኛ ሰው ነው። የሚሳቅበት ራሱ ስለሆነ ማንንም አያዋርድም፤ ይህም ቀላል ችሎታ አይደለም። (ልጆቹ ሁለት ወንዶች ስለነበሩ፣ በሕይወቱ የሙሽሪት አባት ሆኖ አያውቅም።)

የሚያስቆጨውም ይኸው ችሎታው ነው። ቤንችሊ የታችኛውን ሰው የማያውቅ ተድላ ወዳድ አልነበረም። በ1927 ሁለቱ ጣሊያናውያን ሠራተኞች ሳኮና ቫንዜቲ የሞት ፍርድ ሲጠባበቁ፣ ዳኛው ዌብስተር ታየር ስለ እነሱ በጥላቻ መናገሩን ከአንድ ወዳጁ የሰማው ቤንችሊ ነገሩን በቃለ መሐላ አረጋግጧል። ሰዎቹ በዚያው ዓመት በኦገስት ተገደሉ። ለተረሳ ሰው ሲመሰክር ፊርማውን ያልሰሰተ ደራሲ፣ ስሙን በርእሱ ላይ ሲያውለው ግን ነገሩን ከሳሎን አላሳለፈውም።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ቪንሰንት ሚኔሊ «የሙሽሪት አባት» በተባለው ረጅም ፊልሙ ይህንኑ አባት በስፔንሰር ትሬሲ አማካይነት አቅርቦታል። አባትየው በሕዝቡ ግፊያ መካከል ልጁን ሳይሰናበት ይቀርና፣ በኋላ ልጅቱ ከባቡር ጣቢያ ስልክ ትደውልለታለች። ልብ የሚነካ ትዕይንት ነው። ግን ያም ቢሆን የአንድ ባለቤት ቅሬታ በራሱ ልጅ ድምፅ የሚሽርበት ነው፤ ከቤቱ ደጅ አይወጣም።

ደጁን የተሻገረው ከቤንችሊ በፊት፣ በ1936 የተሠራው የግሪጎሪ ላ ካቫ ፊልም ነው። በዚያ ፊልም ሀብታሞች ለጨዋታ ዕቃ ሲፈላለጉ፣ ከሚፈለጉት «ዕቃዎች» አንዱ «የተረሳ ሰው» ይሆንና ከቆሻሻ መጣያ ቦታ ጎድፍሪ የተባለውን ሰው ያመጡታል። እርግጥ ጎድፍሪ ኋላ የባለጸጋ ቤት ልጅ ሆኖ መገኘቱ የፊልሙን ጉልበት ይቀንሰዋል። ቢሆንም በሀብታሞቹ ቤት የሚቀጠረው አስተናጋጅ ሆኖ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ቤንችሊ በደገሰው ሠርግ ላይ ስሙን ተነጥቆ ትሪ ይዞ የሚቆመውም ይኸው ሰው ነው።