መነጽሩ ይቆይ፣ እናቷ ይግቡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር የምጥን ሕመም እንደሚያስታግስ ጽፋችሁ፣ የእኛም ሆስፒታሎች መነጽሩን ቶሎ ቢያስገቡ መልካም ነው ብላችኋል። ሥራዬ ማዋለድ ነውና ሳልጽፍ ማለፍ አልሆነልኝም።

መነጽሩ ይሠራል፤ በዚህ አልከራከርም። የሲያትሎቹ ተመራማሪዎች ሃንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን፣ ቃጠሎ የደረሰባቸው ሕሙማን ቁስላቸው ሲታጠብ በመነጽሩ በረዷማ ሸለቆ እያዩ የበረዶ ኳስ ሲወረውሩ ሕመሙ ቀለል እንደሚላቸው ካሳዩ ቆይተዋል። ሐሳብ ሌላ ቦታ ሲያዝ ሕመም ጉልበቱ ይቀንሳል። ለምጥም በሎስ አንጀለሱ ሲዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ነገር ግን ቁጥሩን ልብ ብላችሁ እዩት። የተሳተፉት የበኩር ልጃቸውን የሚወልዱ 40 ሴቶች ናቸው። እስከ 30 ደቂቃ መነጽር ያደረጉት ሕመማቸው ከ10 በሚለካው መለኪያ በግማሽ ነጥብ ገደማ ቀነሰላቸው፤ ያላደረጉት በግማሽ ነጥብ ገደማ ጨመረባቸው። በቃ፣ ልዩነቱ አንድ ነጥብ ገደማ ነው። ሲመረጡም ሕመማቸው ከ4 እስከ 7 የነበረ ናቸው። የአልጋውን ብረት አንቃ ይዛ «ማርያም! ማርያም!» የምትለዋን ጥናቱ አያውቃትም።

አንድ ነጥብም ቢሆን አይናቅም፤ በተለይ ከወገብ የሚሰጠው ማደንዘዣ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር። የሚቆጨኝ ግን በነፃ የሚገኘውን በር ላይ አስቁመን ስለ መነጽር ማውራታችን ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት አጠገቧ የሚቆይ ሰው ሲኖራት፣ ምጧ እንደሚያጥርና ማስታገሻ የመውሰድም ሆነ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏ እንደሚቀንስ በ17 አገሮች ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው ጥናቶች አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እናቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል።

እኛ ጋ ምን ይደረጋል? የወላዷ እናት ፔርሙዛቸውን አቅፈው ደጅ ቆመዋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ልጃቸው ስትጮህ ይሰማቸዋል። ምጡ ሲመጣ ወገቧን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ማሸቱን ያውቁበታል፣ ግን ዘበኛው አያስገባም። ውስጥ እኛ አዋላጆች አንዷን ስንይዝ ሌላዋ ትጣራለች።

የሚቀርበው ምክንያት የሌሎቹ ወላዶች ገመና ነው። እውነት ነው፣ አልጋዎቹ የተደረደሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ግን በመጋረጃ የሚፈታ ችግር ነው! ሰው ይበዛል ከተባለም ለአንዲት ወላድ አንድ ሰው፣ ጋዋን ለብሶ፣ እጁን ታጥቦ።

መነጽር ለመግዛት በጀት የያዘ ሆስፒታል ካለ፣ እባካችሁ መጀመሪያ በየአልጋው መሐል መጋረጃ ስቀሉና እናትየዋን አስገቡልን። የተረፈ ገንዘብ ካለ ያን ጊዜ መነጽሩን ግዙ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ለወላዶቹ አደርግላቸዋለሁ።

አዋላጅ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ