ስለ ግሸን አምባና ስለ ወንድማማችነት

በመስከረም ወር በራያ ቆላ ማሽላው ገና ሳይታጨድ ከቆቦና ከአካባቢው ብዙ ሰው ልጆቹን አስከትሎ፤ በወልድያ በኩል አልፎ፤ ወደ አምባሰል ይጓዛል። መስከረም 21 ቀን በግሸን ደብረ ከርቤ የሚከበረውን በዓል ለማክበር ነው። ልጆች ስለ ተራራው ሲጠይቁ ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚነግሯቸው የመስቀሉን ታሪክ ነው። ከዚህ ጋራ ሊነገራቸው የሚገባ ሌላ ነገር ስላለ ባጭሩ እንገልጻለን።

አምባው የመስቀል ቅርጽ ያለው፤ ዙሪያውም ገደል የሆነ ነው። ስለዚህ የይኩኖ አምላክ ዘር የሆኑ ነገሥታት፤ በአልጋ ምክንያት ደም እንዳይፈስ ብለው፤ ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች በዚያ ያስጠብቁ ነበር። የዐፄ ዳዊት ልጅ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በወንድሞቻቸው ዘመን በዚሁ አምባ ተጠብቀው ኖረው በ1426 ዓ.ም. ወርደው ነገሡ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው፤ አባታቸው ያስመጡትን ግማደ መስቀል ያኖሩት እርሳቸው በተዘጉበት በዚያው ተራራ ነው። ይሁን እንጂ መሳፍንቱን የመዝጋት ልማድ አልቀረም። በ1532 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ሠራዊት አምባውን እስከ ያዘ ድረስ ቆየ፤ ኋላም በጎንደር ነገሥታት ዘመን በወኅኒ አምባ ታደሰ። ዛሬ እስር ቤትን ወኅኒ ቤት የምንለው ከዚያ የተነሣ ነው። እንግዲህ የወንድም መዘጊያ የነበረ ስፍራ ለወንጀለኛ ቤት ስሙን አወረሰ ማለት ነው።

ልጅን ከልጅ ለይቶ በመዝጋት ጠብን ለጊዜው ማገድ ይቻል ይሆናል፤ ፍቅርን ግን ማምጣት አይቻልም። ዛሬ በየቤታችን አምባና ዘበኛ የለም። ነገር ግን የአባት ማሳና ከብት ሲካፈል ባንድ እናት ጡት ያደጉ ልጆች ተካሰው በዳኛ ፊት ሲቆሙ፤ በችሎት ጽሕፈት ሥራ ላይ ያለን እኛ ዘወትር እናያለን። ከክርክሩም በኋላ ባንድ አጥር ውስጥ እየኖሩ እሳት እንኳ የማይጫጫሩ አሉ።

ስለዚህ አባትና እናት የሆናችሁ ሁሉ፤ በሕይወት ሳላችሁ ለልጆቻችሁ የሚደርሳቸውን በሽማግሌ ፊት በእኩልነት ለዩላቸው፤ በጽሑፍም አኑሩላቸው። የተጣሉ ልጆች ያሏችሁም ወደ ግሸን ከመውጣታችሁ አስቀድማችሁ አስታርቋቸው። ወንድም ወንድሙን ፈርቶ በዘጋበት ተራራ ላይ፤ ታርቀው አብረው መስቀሉን ቢሳለሙ፤ ለወላጅ ከዚህ የሚበልጥ በዓል የለም።