እጁን የሰጠው የትኛው ሐኪም ነው?

«ሳይንስ እጁን የሰጠበት ልጅ!» አለ የበዓል ፕሮግራሙ አስተናጋጅ፣ ሁለት ክንዱን ወደ መብራቶቹ ዘርግቶ። ታዳሚው አጨበጨበ። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከእናቱ ጭን ወርዶ በተጎዘጎዘው ቄጤማ ላይ ሮጠ፤ ካሜራው ትንንሽ ጫማዎቹን ተከተለ፤ ዋሽንት ተለቀቀ። በዓል ነውና ማስለቀስ ደንብ ነው። እኔን ግን ከእንባዬ ንዴቴ ቀደመኝ።

እጁን የሰጠው የትኛው ሐኪም ነው? መቼ? ምን ብሎ? ልጁ የሚወደውን ምግብ ሳይቀር የጠየቀ አስተናጋጅ ይህችን ጥያቄ ዘለላት። ረስቷት አይመስለኝም። ሐኪሙ ተስፋ ካልቆረጠ ተአምሩ አይደምቅም፤ ስለዚህ ሐኪሙ የግዱን ተስፋ ይቆርጣል፣ እሱ በሌለበት፣ ቃሉን እንኳ ሳይሰጥ።

እናቲቱ ግን ማንም ሳይጠይቃት ሁሉንም ተናግራለች፤ የሚሰማት ጠፋ እንጂ። ልጁን ተቅማጥ ይዞት ነበር፤ ተሻለው። ሳምንት አለፍ ብሎ አንድ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ እግሩ ከዳው። የሚቀልድ መስሏት ተቆጣችው። በማግስቱ ወገቡ፣ ከዚያ ክንዱ ዛለ፤ ማንኪያ መያዝ አቃተው። ሆስፒታል ከጀርባው ፈሳሽ ቀድተው የበሽታውን ስም ነገሯት፤ እሷም በስቱዲዮው ውስጥ አንድም ፊደል ሳትሳሳት ጠራችው፦ ጊላን ባሬ። አስተናጋጁ ፍርድ እንደተነበበበት ሰው ፊቱን አጠቆረና ወደ ማስታወቂያ ሄድን። የምግብ ዘይቱ ማስታወቂያ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን አውጥቶ ይህን ስም ቢፈልግ ኖሮ ከሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ኀፍረት ይድን ነበር።

የዚህ በሽታ ታሪክ ገና ሲጀመር የሚያገግሙ ሰዎች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ጊላን፣ ባሬና ስትሮል የተባሉ ሦስት ፈረንሳውያን ሐኪሞች እጅ እግራቸው ስለዛለ ሁለት ወታደሮች ጻፉ። ወታደሮቹ እየተሻላቸው ሄደ። በጀርባቸው ፈሳሽ ውስጥ ፕሮቲኑ ከፍ ሲል የሕዋሳቱ ቁጥር አለመጨመሩንም አስተዋሉ፤ የዚህን ልጅ ሐኪሞች ፈሳሹን ያስቀዳቸው ይኸው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሚያውቁት በሽታ ነው እንግዲህ። ታማሚው ሕፃን ሲሆን ለወላጅ የሚነገረውም የታወቀ ነው፦ ከባድ ነው፣ ትንፋሹን እንጠብቅ፣ ይህን ካለፈ ግን አብዛኞቹ ልጆች ተመልሰው ይራመዳሉ። አስተናጋጃችን እጅ መስጠት የሚለው ይህን ነው!

በሽታው የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰውነት ተቅማጡን ወይም ጉንፋኑን ያመጣበትን ተሕዋስ፣ ብዙ ጊዜም ካምፒሎባክተር የሚባለውን ባክቴሪያ፣ ሲዋጋ መሣሪያውን በስህተት ወደ ገዛ ነርቮቹ ያዞራል። የነርቩ ሽፋን እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ላስቲክ ይላጣል፤ ከአንጎል የወጣው ትእዛዝ ጡንቻው ዘንድ አይደርስም። ድካሙ ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቢበዛ በአራት ሳምንት ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይቆማል። ከዚያ ሽፋኑ ቀስ በቀስ ሲጠገን ኃይል ይመለሳል፣ በሳምንታት፣ በወራት። አመላለሱም አብዛኛውን ጊዜ የአመጣጡ ግልባጭ ነው፤ መጨረሻ የዛለው መጀመሪያ ይነቃል።

አሁን እናቲቱን እንስማት። መጀመሪያ እጁ መጣለት፤ ቀጥሎ ተደግፎ ቁጭ አለ፤ እግሩ ግን ቆየ፤ በሦስተኛ ወሩ ግድግዳ ይዞ ቆመ። አስተናጋጁ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ጌታው፣ እናቲቱ እኮ የሕክምና መጽሐፍ እያነበበችልህ ነበር! ሳይንስ እጁን ሰጠበት የተባለው ልጅ የተነሣው ሳይንስ በጻፈው ቅደም ተከተል፣ ሳይንስ በቆረጠው ቀጠሮ ነው።

በእናቲቱ ጸሎት ላይ የምለው የለኝም። ስለቷን ታግባ። አልጋው አጠገብ ቆሞ «አሜን» ያለ ነርስም አይጠፋም። ጠቤ ምስጋናዋን ለማሳመር ሲል ሐኪሙን ተሸናፊ ካደረገው ሰውዬ ጋር ነው። ሌሊቱን የልጁን ትንፋሽ እየቆጠረች ያደረችው ነርስ፣ ገላው እንዳይቆስል ስታገላብጠው የከረመችው ራሷ እናቲቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ ደርቆ እንዳይቀር በየቀኑ ያንቀሳቀሰው ፊዚዮቴራፒስት፣ የአንዳቸውም ድካም በዚያ ስቱዲዮ አልተወሳም። ማገገሙን የሚያፋጥን ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት መኖሩ፣ ዋጋው ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ መሆኑ፣ እንደ ልብ የማይገኝ መሆኑ ቢነሣ እንኳ ከተመልካቹ አንድ ባለሀብት በሰማ ነበር። ለዚህ ጊዜ አልተገኘም። ለአስተናጋጁ ግጥም ግን ተገኝቷል፤ ያውም ለሁለት።

ተስፋ መስጠት ማንን ይጎዳል የሚለኝ አይጠፋም። ፕሮግራሙን ያየችውን እናት ይጎዳል። ነገ የልጇ እግር ቢከዳው፣ ሐኪም ቤት እጁን የሚሰጥ ከሆነ ምን ልትሠራ ትሄዳለች? ትጠብቃለች። ድካሙ ግን ከእግር ወደ ደረት ሲወጣ እሷን አይጠብቅም። አዋቂና ሕፃን አንድ ላይ ሲቆጠር ከዚህ በሽታ ታማሚዎች ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት መሐል ላይ የመተንፈሻ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። በሦስተኛው ወር ሊሮጥ የሚችለው በሁለተኛው ሳምንት ትንፋሹ ያልተቋረጠ ልጅ ነው።

ሌላው ጉዳት ከአንድ ቤት ያልፋል። ድንገት የዛለ ልጅ የያዘው ፖሊዮ አለመሆኑ የሚለየው በላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከተልፈሰፈሰ፣ ሐኪሙ በሽታው ጊላን ባሬ ነው ብሎ ቢያምንም እንኳ፣ ሪፖርት ይደረጋል፤ ድካሙ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥም ሁለት የሰገራ ናሙና፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት፣ ይወሰዳል። የዱር ፖሊዮ ከአፍሪካ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 መታወጁ እውነት ነው። አገራችን ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ከተዳከመው የክትባት ቫይረስ የመነጨ፣ ክትባት በሚገባ ባልተዳረሰበት ሕዝብ መካከል የሚዛመት ዝርያ ልጆችን አልምሷል። ያ ልምሻ ደግሞ በአብዛኛው በሦስተኛው ወር የሚያስሮጥ አይደለም። ቫይረሱ ከያዛቸው ልጆች የሚለመሹት ጥቂቶቹ ናቸው፤ የቀሩት ምንም ሳይመስላቸው ለጎረቤት ያስተላልፉታል። ተአምር ሲጠበቅለት ቤት የከረመው ልጅ ናሙና ጊዜው ካለፈ፣ መንደሩ ውስጥ ምን እየዞረ እንደነበር የሚያሳውቀን አንዱ መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መካከል ናሙናው ተወስዶ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አስተናጋጁ በሚመጣው በዓል ሌላ ልጅ ማስሮጡ አይቀርም። ያስሩጥ። ግን ያከመውን ሐኪም አጠገቡ ያስቀምጥና ተስፋ ቆርጦ እንደነበር ፊት ለፊት ይጠይቀው። እናንተ ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ ማታ ሲሮጥ ቆይቶ ጠዋት እግሩ ከከዳው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ናሙናውን ካልጠየቋችሁ እናንተ ጠይቋቸው።