የእንቅስቃሴ ብርታት ለብቻው ይለካ

ሐዋሳ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናትና፣ ባጃጅ ቢበዛም በፒያሳ አካባቢ ትምህርት ቤት በእግር መሄድ ለልጆች አያዳግትም። ልማዱ ለጤና በጎ ቢሆንም ለተመራማሪ ግን ወጥመድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ብርቱ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ልብንና ሳንባን የሚፈትን፣ ጡንቻንና አጥንትንም የሚያጠነክር እንዲኖርበት ያሳስባል። በተማሪዎች የጤና ዳሰሳ በብዛት የሚጠየቀው ግን 60 ደቂቃው የተሞላባቸው ቀናት ብዛት ነው። ስለዚህ ፈጠን ብላ የተራመደች ተማሪና ኳስ ስታሳድድ የዋለች ጓደኛዋ በአንድ ረድፍ ይመዘገባሉ። ሩጫና ዝላይ በአጥንት ላይ የሚያሳርፉት ጫና ግን በእርምጃ አይተካም፤ አጥንት በብዛት የሚገነባውም በጉርምስና ዘመን ነው።

በከተማችን መረጃ የምንሰበስብ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብርታትን በተለየ ጥያቄ ልንለካ ይገባል። ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም፤ በብርቱ እንቅስቃሴ ላይ ያለ ልጅ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ከጥቂት ቃላት በላይ መናገር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከዓለም ታዳጊዎች 81 በመቶው 60 ደቂቃውን እንደማያሟሉ ተገምቷል፤ ስንቱ በሳምንት 3 ቀን እንደሚያለከልክ ግን አኃዙ አይናገርም።