ስለ ትምህርት ቤታችን ዳሊያ ያለኝ አሳብ

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን የአትክልት ቦታ ሳያውቅ ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጣ ተማሪ የለም። ያውቀዋል ማለቴ ግን በአበባው አይደለም፤ በቅጣቱ ነው። ያረፈደ፥ የቤት ሥራውን ያልሠራ፥ በሰልፍ ላይ ያወራ ሁሉ ዶማ ተሰጥቶት ወደዚያ ይላካል። እኔም ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሁለት ቀን አርፍጄ ስለ ተገኘሁ፥ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እንድቈፍር ተፈረደብኝ። ዛሬ ስለ ዳሊያ ለመጻፍ የበቃሁት በዚያ ቅጣት ምክንያት ስለ ሆነ የቀጣኝን ሰው አላማም፤ ስለ ቅጣቱ ግን የምለው አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ከአንድ የደረቀ ግንድ በታች ስኳር ድንች የሚመስል የሥር ዘለላ ወጣልኝ። የሞተ መስሎኝ ወደ ጥራጊው ክምር ልወረውረው ስል ሽማግሌው አትክልተኛችን «ተው ልጄ! እሱ እኮ ተኝቶ ነው» አሉኝ። «አባባ፥ ደርቋል እኮ» ብላቸው ሥሩን ከእጄ ተቀብለው፥ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበትን አንገት በአውራ ጣታቸው ጠርገው አሳዩኝ። የምስር ፍሬ የምታህል ቀላ ያለች ነጥብ ነበረች። ዐይኑ ያ ነው። ድንች በገላው ሁሉ ላይ ዐይን አለው፤ የዳሊያ ዐይን ግን የሚገኘው በአንገቱ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አንገቱ የተሰበረ ሥር የቱንም ያህል ቢወፍር፥ ቢተከል ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም። እርሳቸው እስኪደርሱልኝ ድረስ ስንት አንገት እንደ ሰበርሁ እግዚአብሔር ይወቀው።

አሁን እኒህ ሰው ጡረታ ወጥተዋል። እርሳቸው ከሄዱ ወዲህ የአትክልት ቦታው በሲሚንቶ ይለበጥ የሚል አሳብ ቀርቧል። አሳቡን ያቀረቡት ክፉ ሰዎች አይደሉም። በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚንከባከበው የለም፤ በመስከረም ስንመለስ የምናገኘው በጭቃ ላይ የተጋደመ ግንድ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አይቻለሁ። እኔ የምለው ግን ጥፋቱ የዳሊያው ሳይሆን የእኛ ነው።

ለምን ቢባል፥ ዳሊያን ለአገራችን አየር የማይስማማ ቅንጦት አድርገው የሚቈጥሩት ብዙዎች ናቸው። አበባው ግን የደጋ ልጅ ነው። ትውልዱ በሜክሲኮ ከፍተኛ አገር ነው፤ የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፥ አዲስ አበባችንም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ዝናሙም እንደ እኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚበረታ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1789 ከዚያ ወደ ማድሪድ የንጉሥ አትክልት ቦታ ተላከ፤ በ1791 ካቫኒዬስ የተባለው የእስፓኝ የዕፅዋት ሊቅ አንደርስ ዳል በተባለ ስዊድናዊ ሊቅ ስም ሰየመው። ዳል ግን በ1789 ስለ ሞተ በስሙ አበባ መጠራቱን አላወቀም። የሜክሲኮ መንግሥት በ1963 ዳሊያን የአገሩ ብሔራዊ አበባ አድርጎታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የዕፅዋት ዐዋቂዎች ዳሊያንና የእኛን ዐደይ አበባ የሚመድቧቸው በአንድ ቤተ ዘመድ፥ ያውም በዚያ ቤተ ዘመድ ውስጥ በአንድ ወገን ነው። ስለዚህ በመስከረም ዐደይ በሜዳው፥ ዳሊያ በመደቡ ላይ አብረው ሲፈነዱ፥ ባሕር የለያቸው የአጎት ልጆች ተገናኙ ማለት ነው። ዳሊያን እንግዳ ነው ብሎ የሚንቅ ይኸንን ያስብ።

ወደ እንክብካቤው ልመለስ። የፈረንጅ መጽሐፍ ውርጭ ቅጠሉን ሲያጠቍር ሥሩን ቈፍረህ አውጣ ይላል። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ውርጭ የሚጠብቅ ብዙ ዘመን ይጠብቃል። የእኛ ጠላት ውሃ ነው። መረሬው አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ቋጥሮ ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ መደቡ ከፍ ማለት፥ በዙሪያውም ቦይ መቀደድ አለበት። ሥሩ የሚተከለው በግንቦት ነው፤ ጥልቀቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፥ በአንዱና በሌላው መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል። ችካሉ የሚተከለው ከሥሩ በፊት ነው። እኛ ግንዱ ከዘመመ በኋላ የባሕር ዛፍ እንጨት አምጥተን ስንቀጠቅጥ፥ እንጨቱ ከመሬት በታች ሥሩን ይወጋዋል፤ ከዚያም «ዳሊያ አይሆንልንም» እንላለን። ቡቃያው ሦስት አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን መቀንጠብ ያስፈልጋል። ይህ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ያደገለትን በገዛ እጁ መቍረጥ ያሳዝነዋል፤ ነገር ግን ያልተቀነጠበ ዳሊያ አንድ ረዥም ቀጭን ግንድ ሆኖ ይወጣና በመጀመሪያው በረዶ ይሰበራል። ግንዱ ባዶ ቧንቧ ስለ ሆነ ኃይል የለውም። ፍግም ቢሆን በልክ ነው፤ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ከአበበ በኋላ ደግሞ ያለፈውን አበባ መቅጠፍ አለ። በዚህ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን፤ አዲሱን እምቡጥ ቀጥፈን የረገፈውን እንተዋለን፤ ሁለቱ ከሩቅ ይመሳሰላሉና። አዲሱ እምቡጥ ክብና ጠንካራ ነው፤ ያለፈው ሹል ነው፥ ሲጨብጡትም ይለሰልሳል። ለክፍል ጠረጴዛ የሚቈርጥ ሰውም በደንብ የተከፈተውን ይቍረጥ፤ ዳሊያ እንደ ጽጌረዳ በውሃ ውስጥ እያለ አይፈካም።

አንድ ጓደኛዬ ይኸን ሁሉ ሰምቶ «ለዚህ ሁሉ ድካም ጎመን ብትተክል አይሻልም?» አለኝ። ጎመንን አልንቅም። ለጓደኛዬ መልስ ይሆን ዘንድ የዳሊያ ሥር በትውልድ አገሩ እንደሚበላ አንብቤ አንዱን አንገተ ሰባራ ቀቅዬ ቀመስሁት። ጎመኑ ይሻላል። ነገር ግን ትምህርት ቤት ሆድን ብቻ ለመሙላት አልተሠራም፤ ተማሪም ከመጽሐፉ ውጭ በእጁ የያዘው አንድ ሕያው ነገር ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ ስለ ቅጣቱ የምለው ይኸው ነው። የተቀጣ ተማሪ በንዴት ይቈፍራል፥ ሰዓቱ እንዲያልፍ እንጂ ሥሩ እንዲተርፍ አያስብም። ባለፈው ዓመት 31 ሥር ነበረን፤ ዘንድሮ በግንቦት ስንቈጥር ጤነኛ ዐይን ያለው 14 ብቻ ተገኘ። ከጠፉት አብዛኞቹን የጨረሰው ክረምት ሳይሆን ዶማችን ነው። በዘር እንተካቸው እንዳንል፥ የዳሊያ ዘር እናቱን አይመስልም፤ ከቀዩ ለቅሞ የዘራ ሰው ቢጫም ነጭም ሊያገኝ ይችላል። ያ በአጥሩ ጥግ የነበረው፥ ጥቍር እስኪመስል ድረስ የቀላው ዳሊያ የሚቀጥለው በዘር ሳይሆን ሥሩ ሲከፈል ነው። ከእርሱ የቀረን አንድ ሥር ነው። ስለዚህ አጥፊን የሚቀጣ ሰው ሌላ ቅጣት ይፈልግ፤ ወደ መደቡ የሚገባው ወዶ የመጣ ብቻ ይሁን።

የሲሚንቶው ነገር እስከ መስከረም ቈይቶ ይታይ ተብሏል። ይህ መጽሔት በእጃችሁ ሲገባ 14ቱም ሥሮች ተተክለዋል፤ እስካሁን ዘጠኙ ብቅ ብለዋል፤ ቀዩም ከእነርሱ አንዱ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው ለ10 ሳምንት ነው። አንድ ተማሪ አንድ ሳምንት ቢይዝ፥ ሥራው ሁለት ቀን እየመጡ ቦዩን መጥረግ፥ ግንዱን በቃጫ ላላ አድርጎ ከችካሉ ጋር ማሰር፥ ቀንድ አውጣ መልቀም ብቻ ነው፤ ዘበኛው በሩን ሊከፍቱልን ፈቅደዋል። እስከ ዛሬ ስማቸውን የጻፉ 6 ናቸው፤ ሁሉም የመረጡት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነው። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ያሉት፥ አበባው የሚከብድባቸውና በረዶው የሚበረታባቸው 4 ሳምንታት ባዶ ናቸው። ዝርዝሩ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ እርሳሱም እዚያው በክር ታስሯል።