በር የከፈተው ዋንጫ

የራግቢ ሊግ ጨዋታ ከወዝ አደሩ ኑሮ የፈለቀ መሆኑ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የሰሜን እንግሊዝ ክበቦች ከነባሩ ማኅበር የተለዩት፣ ከማዕድን ጉድጓድና ከፋብሪካ የመጣው ተጫዋች በግጥሚያ ምክንያት ያጣው ደመወዝ ይተካለት በማለታቸው ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህ ወገናዊነት ተፈተነ። ወጣቶች ዘመቱ፤ የላንካሻየር አውራጃ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ከ1940 መገባደጃ ጀምሮ ለአምስት የውድድር ዘመናት ተቋረጠ። የዮርክሻየር ዋንጫ ግን ቀጠለ፤ እንደ ዊጋን ያሉትን የላንካሻየር ተቀናቃኞችም ተቀብሎ አጫወተ።

ወሰን ጠብቆ በር መዝጋት ይቻል ነበር፤ ሠራተኛው ግን ከድካሙ በኋላ የሚያየው ግጥሚያ ባነሰበት ነበር። ደንብ ለአባላት ይጻፋል፤ በችግር ቀን ማኅበርን የሚያጸናው ግን ለጎረቤት የሚለቀቀው ቦታ መሆኑን እናምናለን።